በጣና ዳር የእግር መንገድ ማሠራትና መጠበቅ፦ ለባሕር ዳር በጎ ፈቃደኞች

በሐምሌ አንድ ከባድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ሊያወርድ ይችላል። ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 100 ሜትር በሆነ የእግር መንገድ ላይ ይህ 4,800 ሊትር ነው፤ በበርሜል ሲለካ 24 በርሜል ውሃ። ከላይ ካለው ተዳፋት እየወረደ የሚቀላቀለው ጎርፍ ገና አልተቆጠረም። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ መውጫ ያልተበጀለት መንገድ በአንድ ክረምት ቦይ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ሰው ቦዩን እየሸሸ ዳር ዳሩን ይረግጣል፣ ዳሩም ይላጣል። በሦስተኛው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሦስት አራት የጭቃ መንገዶች ይፈጠሩና የቡና ችግኙና የገበሬው ማሳ መሃል ላይ ይረገጣል።

ዘጌ ላይ ከጀልባ መውረጃው ተነስቶ በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ አዝዋ ማርያም የሚወስደው መንገድ፣ ከጢስ ዓባይ ከተማ በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ አድርጎ ወደ ፏፏቴው የሚዘልቀው፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣው፣ በከተማዋ ውስጥ ሐይቁን ተከትሎ እየተቆራረጠ የሚሄደው፣ ሁሉም የሚጎዱት በዚሁ ዓይነት ነው። ፈቃደኛ ሁለት ሥራ አለበት። አንዱ ከሚመለከተው አካል ዘንድ መንገዱን ማስመዝገብና ማስጠየቅ ነው፤ ሌላው ዶማ ይዞ መውጣት። ሁለተኛውን ብቻ ይዘው የሚነሱ ቡድኖች ብዙ ናቸው፤ መንገዱ ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ ስለሌለ ድካማቸው ሁለት ክረምት አይሻገርም።

ፈቃድ የሚጀምረው ከባለ ይዞታው ነው

አብዛኛው የእግር መንገድ የሚያልፈው በሰው ይዞታ ላይ ነው። ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው። ዘጌ ላይ ደግሞ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ጫካ ቡናና ጌሾ የሚለቀምበት የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው፤ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት በሬ እንደማይጠመድበትም በትውፊት ይነገራል። ያንን አፈር መቆፈር ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የመጀመሪያው ጉብኝት ያለ ዶማና ያለ ሜትር ይሁን። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል፤ አሥራ አምስት ወጣት አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ሲመጣ መሬት ሊቆርስ የመጣ ይመስላል፣ ያ ጥርጣሬ ከገባ በኋላ ለማስወጣት ወራት ይፈጃል። የሚጠየቀውም «መንገድ ልንሠራ ነው፣ ይስማማሉ?» ተብሎ አይደለም። «አባቴ፣ ክረምት ውሃው ከየት ገብቶ በየት ይወጣል? በዚህ በኩል ብናወጣው የእርስዎን ማሳ ይጎዳ ይሆን?» ነው። ድሮ መንገዱ በየት ያልፍ እንደነበር ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የድሮው መስመር ኮረብታውን አግድም እየዞረ ስለሚወጣ ዛሬ በአቋራጭ ከሚወርደው ይሻላል።

በመንገዱ ዳር ቡና የምታፈላ፣ ቅርጻ ቅርጽና ጥልፍ የምትሸጥ ሴት ካለች እሷም ባለ ጉዳይ ናት። መስመሩን 30 ሜትር ማዞር ለጎብኚው ምንም አይደለም፤ ለእሷ ግን ገበያዋ ሊሄድባት ይችላል። የአካባቢው አስጎብኚዎችና የጀልባ ማኅበራትም እንዲሁ ከመጀመሪያው ቀን ይስሙ። ከመንገዱ የሚጠቀሙት እነሱ ስለሆኑ ቆይተው ዋና አጋዥ የሚሆኑት እነሱው ናቸው።

ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፦ የማን ይዞታ፣ ስንት ሜትር፣ ውሃው ወደ የት እንደሚወጣ፣ ድንጋይና አፈር ከየት እንደሚነሳ። ባለ ይዞታው ይፈርም ወይም በጣቱ ያትም፤ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባልም ይገኝ። በገዳም ክልል ከአበምኔቱ ወይም ከመጋቢው የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዙ አንድ አካፋ አፈር እንኳ ማንሳት አይገባም። ስትቆፍሩ የተጠረበ ድንጋይ፣ ሸክላ ወይም የመቃብር ምልክት ከወጣ ሥራውን እዚያው አቁሙና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ አለበት።

ደብዳቤው

ጥሩ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው፤ አባሪው ግን ጠንካራ መሆን አለበት። «መንገዱ ተበላሽቷል፣ ትኩረት ይሰጥልን» የሚል ደብዳቤ መልሱ «ተመልክተነዋል» ብቻ ነው። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሜትር ለክታችሁ የተበላሸውን ቦታ ሁሉ ቁጥር ስጡት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ቁጥር 4፣ ከጀልባ መውረጃው 310 ሜትር ላይ፤ ርዝመት 18 ሜትር፣ ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር የጎርፍ ቦይ፤ የሚያስፈልገው 3 የድንጋይ ውሃ መቀልበሻ፤ ጉልበት ከእኛ፣ የድንጋይ ማጓጓዣ ከጽሕፈት ቤቱ።» የስልክ ካርታ ላይ የሚታየውን የቦታ ቁጥር ጻፉበት፤ ፎቶ ስታነሱ ዶማ ወይም ሜትር ጎኑ አቁሙ፣ ያለዚያ ጥልቀቱ አይታይም።

ደብዳቤው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይጻፍ፤ ግልባጭ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ የተፈጥሮ ሀብት ክፍልና ለቀበሌው ይሁን። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ስለተመዘገበ፣ ሥራችሁ ከጥበቃው ጋር እንዴት እንደሚሄድ በሁለት መስመር ግለጹ። ወደ መዝገብ ቤት ስትገቡ ሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያርፍበት አትውጡ። ያ ቁጥር ከሌለ በሚቀጥለው ሳምንት «የቱ ደብዳቤ?» ትባላላችሁ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ግን ከዚያ በፊት ነው። ጥያቄው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ካልደረሰ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው። መጠየቅ ያለበትም ገንዘብ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ በበጋ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ ሲታቀድ ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት እንዲካተት አስጠይቁ። ከላይ እርከንና ክትር ከተሠራ ወደ መንገዱ የሚወርደው ጎርፍ ይቀንሳል፤ ለመንገዱ ይህን የሚያህል ውለታ የሚውል ሌላ ሥራ የለም።

በከተማው ውስጥ ያለው የሐይቅ ዳር ጉዳይ መልኩ ይለያል። እዚያ ቁፋሮ ብዙም አያስፈልግም። አጥሩ የት ጋ እንደዘጋ፣ ሰው የት ጋ ወደ አስፋልት ወጥቶ እንደሚዞር ሐይቁን ተከትላችሁ በእግር እየሄዳችሁ በሜትር መዝግቡ። ጥያቄው «አጥሩ ይፍረስ» ከሆነ ጠብ ይሆናል። «3 ሜትር የእግረኛ መተላለፊያ መስመር በከተማው ፕላን ላይ ይስፈር» የሚለው ግን ከአንዱ ባለ ይዞታ ጋር ሳያጣላ ቀጥሎ የሚመጣውን ግንባታ ሁሉ ይገዛል። ፕላን ሲከለስ ለነዋሪው ውይይት ይጠራል፤ ያን ቀን ካርታውን ይዞ መገኘት ከሃምሳ ደብዳቤ ይበልጣል።

የሥራ ቀን

የከተማ ፈቃደኛ የሚመቸው ቅዳሜና እሑድ ነው። ገበሬው ግን በሰንበት አይቆፍርም፤ በብዙ ቦታ ቅዳሜንም ያከብራል። በወር 12፣ 19፣ 21፣ 27፣ 29፣ እንዲሁም በአጥቢያው ታቦት ቀን መሬት መቆፈር ማኅበረሰቡን ማስቀየም ነው። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ዙሪያ 16ን፣ ይልቁንም የካቲት 16ን አስታውሱ። ቁፋሮው በሥራ ቀን፣ የአካባቢው ሰው በሚመርጠው ዕለት ይሁን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚቻለው መለካት፣ ፎቶ ማንሳትና ፕላስቲክ መልቀም ነው። ከመውጣታችሁ ሁለት ቀን አስቀድሞ የጸጥታውን ሁኔታ ከቀበሌው ጠይቁ፤ የሚመጡትን ሰዎች ስም ዝርዝርም ስጡ።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ዘጌም ቡና ለቀማ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ከባዱ ሥራ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ይያዝ።

በዝናብ ውስጥ መሄድ

ከሥራው በፊት ባለው ክረምት፣ ዝናቡ እየወረደ ሳለ፣ ጃንጥላና ቦቲ ይዛችሁ መንገዱን ሂዱበት። ውሃው መንገዱ ላይ የሚገባበት ቦታ ላይ አንድ ችካል፣ ወጥቶ የሚሄድበት ላይ ሌላ ችካል ምቱ። ዝናቡ ካቆመ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም ቦታ እርጥብ ስለሚመስል ምልክቱ ይጠፋል። በበጋ ደረቁን መንገድ አይቶ የውሃ መውጫ የሚያበጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያበጀው ውሃ በማይመጣበት ቦታ ነው።

እግረ መንገዳችሁን አፈሩን ለዩ። እፍኝ እርጥብ አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እየገፋችሁ እንደ ሪባን አውጡት። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ተቆርጦ ከወደቀ አሸዋማ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ግን ይሸረሸራል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይቆረጥ ከወጣ ዋልካ ነው፤ በክረምት አብጦ ጫማ ይነቅላል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ለሁለቱ የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም።

መቀየስ

ለ15 ሰው ቡድን 6 ዶማ፣ 5 አካፋ፣ 2 ዲጂኖ፣ 2 ባለ 5 ኪሎ መዶሻ፣ 3 ባሬላ፣ 1 ካሪዮላ፣ 1 ገጀራ፣ 1 የእጅ መጋዝ፣ 50 ሜትር ሜትር፣ 60 ችካልና ገመድ ያለው ውሃ ልክ ያስፈልጋል። ውሃ ልኩን መግዛት አያሻም፤ ለእርከን ሥራ የሚጠቀሙበት የቀበሌው የግብርና ባለሙያዎች አሏቸው፣ አጠቃቀሙንም ከማንም በላይ ያውቁታል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቁመታቸው እኩል በሆነ ሁለት ዘንግ ላይ 10 ሜትር ገመድ በ1.50 ሜትር ከፍታ ይታሰራል፤ ውሃ ልኩ በትክክል 5 ሜትሩ ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ ዘንግ ከታች፣ ሌላው ከላይ ይቆማል። አረፋው መሃል እስኪገባ ድረስ ከላይ ባለው ዘንግ ላይ ገመዱን ዝቅ አድርጉ። የወረደው እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር 1 በመቶ ተዳፋት ማለት ነው፤ 1 ሜትር ከወረደ 10 በመቶ። ገመዱ ከላላ ልኩ ይዋሻል፤ ነፋስ ባለበት ሰዓትም አትለኩ።

ሁለት ሕግ ያዙ። መንገዱ በአማካይ ከ10 በመቶ አይብለጥ፤ በአጭር ርቀት እስከ 15 ይቻላል። ሁለተኛው ይበልጥ የሚረሳው ነው፦ የመንገዱ ተዳፋት ኮረብታው ራሱ ካለው ተዳፋት ከግማሽ አይለፍ። ኮረብታው 30 በመቶ ከሆነ መንገዱ ቢበዛ 15፤ ኮረብታው 12 ከሆነ መንገዱ 6። ከግማሽ ካለፈ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መሄድ ትቶ መንገዱን ራሱን ይከተላል። በአቋራጭ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በምንም ድንጋይ የማይድነው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን መስመሩን ቀይሩት፤ አሮጌውንም በግንድና በእሾህ ዝጉት፣ ካልተዘጋ ሰው ተመልሶ ይሄድበታል።

መስመሩ ትልልቅ ዛፍ አጠገብ ሲደርስ ከዛፉ በላይ በኩል አሳልፉት። ከታች በኩል ከተቆፈረ ሥሩ ይራቆትና ዋርካውም ዋንዛውም ያዘነብላል። ከእጅ አንጓ የወፈረ ሥር አይቆረጥም፤ አፈር ይለብሳል ወይም ይታለፋል።

ቆረጣው

ተዳፋት ላይ መንገዱ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠ ጠንካራ መሬት ላይ ይረፍ። ግማሹን ቆርጦ ግማሹን በተደፋ አፈር መሙላት ጉልበት የሚቆጥብ ይመስላል፤ የተደፋው ክፍል ግን በመጀመሪያው ክረምት ይንሸራተታል፣ የውጭው ጠርዝም ይናዳል። ስፋቱ ከ1 እስከ 1.20 ሜትር ይበቃል። አህያ ጭና የምታልፍበት ከሆነ 1.50 አድርጉት፤ ከራስ በላይም 2.40 ሜትር ይጸዳ።

የመንገዱ ገጽ ወደ ውጭ፣ ወደ ቁልቁለቱ፣ 5 በመቶ ያዘንብል፤ በ1.20 ሜትር ስፋት ይህ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓይን አይበቃም፤ ቀጥ ያለ ጣውላ አስተኝታችሁ በግንበኛ ውሃ ልክ ለኩት። የተቆፈረው አፈር ወደ ታች ርቆ ይበተን እንጂ ጠርዝ ላይ አይከመር። ጠርዝ ላይ የቀረች 10 ሴንቲ ሜትር ቁልል ውሃውን መንገዱ ላይ አስራ ታስቀምጣለች፤ በአዲስ መንገዶች ላይ ከሚታየው ስህተት ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፣ ለማስተካከልም አንድ አካፋ ይበቃል።

በጥርና በየካቲት አፈሩ ደረቅ ስለሆነ ብቻውን አይጠቀጠቅም። ውሃ እየረጫችሁ በ10 ሴንቲ ሜትር ንብር ጠቅጥቁ። እርጥበቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አፈሩ ሲጨበጥ ተያይዞ፣ ሲነካ ለሁለት ሲሰበር ነው።

ለዕቅድ፦ አንድ ሰው በእጅ መሣሪያ በቀን ከ3 እስከ 5 ሜትር አዲስ መንገድ ይቆርጣል። ድንጋይ ከበዛ ከዚያ ያንሳል። ሠራተኞች በ3 ሜትር ርቀት ይቁሙ፤ ዶማ ከፍ ሲል ከኋላ ያለውን አያይም።

ውሃውን ማስወጣት

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። በአዲስ መንገድ ላይ የሚመረጠው ዝቅታ ነው፦ መንገዱ እየወረደ ሳለ ለ3 ወይም ለ4 ሜትር ትንሽ ሽቅብ ይወጣና እንደገና ይወርዳል። ውሃ ሽቅቡን ስለማይወጣ ዝቅታው ላይ በጎን ይፈሳል። የሚሄድ ሰው ልዩነቱን አይሰማውም፤ የሚነቀል ድንጋይ፣ የሚበሰብስ እንጨት የለውም። 10 በመቶ በሚወርድ መንገድ ላይ በየ15 ሜትሩ፣ 5 በመቶ በሆነው ላይ በየ30 ሜትሩ አንድ ይበጅ።

ነባሩና ቦይ የሆነው መንገድ ላይ ዝቅታ ማውጣት ስለሚያስቸግር የድንጋይ መቀልበሻ ይገባል። ከመንገዱ ጋር ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ሰያፍ መስመር ይዛችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይግቡ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ክፍል መሬት ውስጥ ይሁን፣ ከገጹ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይታይ። ሁለቱም ጫፍ ከመንገዱ ውጭ በ30 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። መውጫው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይም ትንንሽ ድንጋይ ይነጠፍ፣ ካልተነጠፈ መውጫው ራሱ ገደል ይሆናል።

በብዙ ቦታ መቀልበሻው መንገዱን ቀጥ ብሎ፣ በ90 ዲግሪ ተሻግሮ ይታያል። ያ ውሃን ያቆማል እንጂ አይቀለብስም። ውሃው ቆሞ ደለሉን ይጥላል፣ ደለሉ ይሞላል፣ ቀጣዩ ጎርፍ በላዩ ዘልሎ ከታች ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንጋዩም በዚያ ይነቀላል። የባሕር ዛፍ ግንድም አይመከርም። ምስጥ ቶሎ ይበላዋል፤ ከምስጥ የተረፈውን ደግሞ ለማገዶ ይወስዱታል፣ ይህም አይፈረድበትም።

መውጫው ወደ ጤፍ ማሳ፣ ወደ ቤት ወይም ወደ ቡና ችግኝ አይሁን፤ ሣር ወዳለበት ወይም ወደ ነባር ቦይ ይምራ። ዳሩን ለማጠንከር በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ቬቲቨር ወይም ደሾ ሣር በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተክሉበት።

ድንጋይ ከእርከን፣ ከአጥርና ከገዳም ቅጥር አይነሳም፤ የወደቀ ቢመስልም አይነሳም።

ዋልካ ላይ

ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው በኩል እንዳለው ያለ ሜዳማ ዋልካ ላይ ውሃ መውጫ የለውም፤ ያለው መፍትሔ መንገዱን ከፍ ማድረግ ነው። ለ10 ሜትር እንዲህ ይሠራል። የላይኛውን ሣርና ጥቁር አፈር 15 ሴንቲ ሜትር ግፈፉ። ግራና ቀኝ በ1.20 ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ድንጋይ ትከሉ፤ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ይቀበር። ከድንጋዩ ውጭ በሁለቱም በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይሂድ። በመሃል 15 ሴንቲ ሜትር የተሰበረ ድንጋይ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ ተደርጎ ይጠቅጠቅ፤ መሃሉ ከዳሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ለ10 ሜትር 3 ሜትር ኩብ ያህል ድንጋይና ገረጋንቲ ይገባል፤ 60 ሊትር በሚይዝ ካሪዮላ 50 ምልልስ ነው። ጉልበቱን ከወዲሁ ቁጠሩት።

ከቦዩ የወጣውን ዋልካ መልሶ መሃል መክተት ፈተና ነው፤ ቅርብ ነው፣ ብዙ ነው፣ ያለ ምልልስ ይሞላል። በሐምሌ ግን ተመልሶ ጭቃ ነው። ውሃ በሚሻገርበት ቦታ ሁሉ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ትታችሁ በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑት።

ደረጃ

ከ15 በመቶ በላይ ከሆነና መስመር መቀየር ካልተቻለ ብቻ ደረጃ ይሠራ። ከፍታው ከ15 እስከ 18፣ መርገጫው ቢያንስ 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሁሉም እኩል ይሁን፤ አንዱ 12፣ ቀጣዩ 22 ከሆነ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ድንጋዩ ለሁለት ሰው የሚከብድ፣ 50 ኪሎ ያህል ይሁን። ሥራው ከታች ይጀመራል፤ የላይኛው ድንጋይ የታችኛውን ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ይርገጥ። ላዩ ላይ ዝለሉበት፤ ትንሽ እንኳ ከተንቀጠቀጠ አውጥታችሁ እንደገና አስቀምጡት። በትንሽ ጠጠር መሸጎጥ ለሳምንት ያህል ያረጋጋዋል እንጂ አያቆየውም። በግራና በቀኝ ሻካራ ድንጋይ ካልተደረገ መንገደኛው ደረጃውን ትቶ በጎኑ ይወርዳል።

ሐይቁ ዳር

ጣና ከፍ የሚለው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ዝቅ የሚለው በሰኔ ነው። ልዩነቱ በቁመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆንም 1 በመቶ ብቻ በሚያዘነብል ዳርቻ ላይ ይህ በአግድም 150 ሜትር ነው። በግንቦት ደረቅ መሬት አይቶ የተቀየሰ መንገድ በጥቅምት ውሃ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በጥቅምት መጀመሪያ ውሃው የደረሰበትን ችካል ምቱ፤ መስመሩ ከዚያ በላይ ይለፍ።

ደንገል አይቆረጥም። ደለል ያጣራል፣ ለዓሣ መራቢያ ነው፣ ታንኳ ሠሪውም የሚኖረው በእሱ ነው። ከሐይቁ የወጣ እምቦጭንም ለመንገድ መሙያ አታድርጉት፤ ይበሰብስና መሬቱ ይሰምጣል፣ ጎርፍ ከወሰደውም ተመልሶ ውሃው ውስጥ ያቆጠቁጣል። በዳርቻው ውሃ ውስጥ በባዶ እግር መሥራት ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል፤ ቦቲ ግዴታ ይሁን። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሥራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይብቃ። ጉማሬው ከሣሩ ወደ ውሃው የሚሄድበትን መስመርም መንገድ አታድርጉት።

ምልክት

የእንጨት ሰሌዳ አይቆይም። ቦታው ላይ ባለ ድንጋይ ላይ በዘይት ቀለም 5 በ10 ሴንቲ ሜትር ቢጫ ምልክት ይበቃል፤ መገንጠያው ላይ አንድ፣ ከመገንጠያው 10 ሜትር አለፍ ብሎ አንድ። በዛፍ፣ በተጠረበ ድንጋይና በገዳም ቅጥር ላይ ቀለም አይቀባም።

ዓመቱን ሙሉ

በግንቦት ሁለተኛ አጋማሽ ዝናቡ ሳይጠና የውሃ መውጫዎቹ ሁሉ ይጽዱ። ቅጠል፣ ደለልና ፕላስቲክ የዘጋውን መውጫ ለመክፈት ለአንድ ሰው ከአካፋ ጋር አሥር ደቂቃ ይበቃል። ይህ ከተዘለለ ግን በጥር የተሠራውን የአንድ ሳምንት ሥራ ሐምሌ ይወስደዋል። በክረምቱ አይቆፈርም፤ ከየትልቁ ዝናብ በኋላ ተሄዶ ይታያል፣ ይመዘገባል። በጥቅምት ተለክቶ የጥር ዕቅድ ይወጣል።

መንገዱን በ500 ሜትር ከፋፍላችሁ ለሁለት ለሁለት ሰው አከፋፍሉ፤ ከሁለቱ አንዱ የአካባቢው ነዋሪ ይሁን። ደብተር ላይ የእያንዳንዱ መውጫ ቁጥር፣ ከመነሻው ያለው ርቀት፣ የጸዳበት ቀንና የታየው ጉድለት ይስፈር። ደብተሩ በአንድ ፈቃደኛ ቤት አይቀመጥ፤ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወይም በገዳሙ መጋቢ ዘንድ ይሁን። ፈቃደኛው ሥራ ቀይሮ ከባሕር ዳር ሲወጣ ተተኪው መውጫዎቹን ከዚያ ያገኛቸዋል።